የሆድ ቲቢን በሆድ ብቻ አትፈልጉት፦ ኤችአይቪ ላለበት ታካሚ ከጥርጣሬ እስከ ሕክምና

ካርዷን ሳገላብጥ በአራት ወር ውስጥ ሦስት በሽታ ተጽፎባታል። መጀመሪያ ጨጓራ፣ ቀጥሎ ታይፎይድ፣ ከዚያ አሜባ። ሁለተኛው ማዘዣ ላይ ያለው ፊርማ የኔ ነው። ሴትዮዋ ኤችአይቪ እንዳለባት የካርዱ የመጀመሪያ ገጽ ይናገራል። ክብደቷ ከ52 ወደ 41 ኪሎ መውረዱም እዚያው አለ። ሁላችንም አይተነዋል፤ አንዱን ከአንዱ ያገናኘ ግን አልነበረም። በመጨረሻ የሆድ ዕቃ ቲቢ ሆኖ ተገኘ። ያገኘነው ደግሞ ከሆዷ በወሰድነው ናሙና አይደለም። ግማሽ ሰዓት እንኳ ባልፈጀ የሽንት ምርመራ ነው።

ይህን መመሪያ የምጽፈው የዚያን ጊዜ እኔን ለሚመስሉ ነው። በጤና ጣቢያና በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ለሚሠሩ ጤና መኮንኖች፣ ጠቅላላ ሐኪሞችና ነርሶች። የሚመለከተውም አዋቂዎችን ብቻ ነው። ታማሚ ወይም አስታማሚ ሆናችሁ የምታነቡት ካላችሁ፣ ሐኪሙን ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ይጠቁማችኋል። በራሳችሁ መድኃኒት ለመጀመር ወይም ለማቆም ግን አትጠቀሙበት። ባለሙያዎችም ብትሆኑ የመድኃኒት መጠኖቹን ክፍላችሁ ካለው የቅርብ ጊዜ አገር አቀፍ መመሪያ ጋር አስተያዩ።

በቅድሚያ፦ ለምን ሆዱ ብቻ አይበቃም?

የሰውነት መከላከያው ደህና የሆነ ሰው የሆድ ቲቢ ሲይዘው በሽታው ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ይወሰናል። ወይ የትንሹና የትልቁ አንጀት መገናኛ ላይ፣ ወይ የሆድ ዕቃን በሚያለብሰው ስስ ሽፋን ላይ። ኤችአይቪ ያለበትና ሲዲ4 (የሰውነት መከላከያ ሴሎች ቁጥር) ከ200 በታች የወረደ ሰው ላይ ግን ነገሩ ይለያል። በተለይ ከ100 በታች ሲሆን ባክቴሪያው በደም ይሰራጫል። ጉበት፣ ጣፊያ፣ የሆድ ውስጥ ንፍፊቶች፣ ሳንባ፣ መቅኔ ድረስ ይገባል። ሆድ ላይ የምናየው የአንድ ትልቅ ነገር ጫፍ ነው።

ይህ መጥፎ ዜና ቢመስልም ለምርመራ ግን ይጠቅመናል። ባክቴሪያው ብዙ ቦታ ካለ፣ ለመድረስ ከሚያስቸግረው አንጀት ይልቅ ከሽንት፣ ከአክታ ወይም አንገት ላይ ካበጠ ንፍፊት ልናገኘው እንችላለን። የምናገኘው ግን ከፈለግነው ነው። ከኤችአይቪ ጋር በተያያዘ የሞቱ ሰዎች አስከሬን ሲመረመር ከ10ሩ በ4ቱ ገደማ ቲቢ ተገኝቷል። ከእነዚህም ግማሽ የሚጠጉት በሕይወት ሳሉ ቲቢ እንዳለባቸው አልታወቀም ነበር።

ደረጃ 1፦ መጠርጠር

የሆድ ቲቢ የራሱ የሆነ መለያ ምልክት የለውም። የሆድ ሕመም፣ የሆድ መነፋት፣ ተቅማጥ ወይም ድርቀት፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ መክሳት። እነዚህን ይዞ የሚመጣ ሰው በየቀኑ እናያለን፤ ለዚህም ነው "ጨጓራ" ብሎ ማለፍ የሚቀልለው።

እኔ አሁን የምከተለው ሕግ እንዲህ ነው። ኤችአይቪ ያለበት ሰው ሆዱን ካመመው፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየና ክብደት ከቀነሰ፣ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ቲቢ ነው። ሳል አለመኖሩ አያዘናጋኝም። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ ፖዘቲቭ መሆኑም እንደዚሁ። እኛ አገር በዊዳል ብቻ ታይፎይድ የተባለው ሰው ስንቱ ታይፎይድ እንደነበረበት እግዚአብሔር ይወቀው። ሌላም ጉዳት አለው። ለ"ታይፎይዱ" ተብለው የሚታዘዙት እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያሉት የኩዊኖሎን ዝርያዎች የቲቢን ባክቴሪያ በከፊል ያዳክሙታል። ታካሚው ለአሥር ቀን ይሻለዋል፣ ተመልሶ ይወድቃል፣ ምርመራውም ይዘገያል።

ኤችአይቪ እንዳለበት የማይታወቅ ሰው በዚህ ሁኔታ ከመጣ ደግሞ በዚያው ቀን ኤችአይቪ ይመርመር።

ደረጃ 2፦ ሌላ ነገር ከማድረጋችሁ በፊት አደጋውን መለየት

ሁለት ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው፦ ይህ ሰው ዛሬ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል ወይ? ሆዱ እንደ ሳንቃ ከደረቀ፣ ካስመለሰና ጋዝም ሰገራም ካቆመ፣ ቁሞ የሚነሳ የሆድ ራጅ ይታዘዝ። ከድያፍራም በታች አየር ከታየ አንጀቱ ተበስቷል። ይህ የቲቢ ክፍል ጉዳይ አይደለም፤ ቶሎ ወደ ቀዶ ሐኪም።

ሁለተኛው፦ በጽኑ ታሟል ወይ? መለኪያው ቀላል ነው። ያለ ደጋፊ መራመድ አይችልም፣ ትኩሳቱ 39 ዲግሪ ወይም በላይ ነው፣ የልብ ምቱ በደቂቃ 120 ወይም በላይ ነው፣ ትንፋሹ 30 ወይም በላይ ነው። ከአራቱ አንዱ ካለ አስተኙት። የደም ስኳሩን ለኩ፣ ፈሳሽ ስጡ፣ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ከጠረጠራችሁ ሴፍትሪያክሶን ጀምሩ። ሳልሞኔላ በደም ውስጥ መግባቱ በእነዚህ ሰዎች ላይ እንግዳ ነገር አይደለም። የቲቢ ምርመራው ጎን ለጎን ይሂድ። አንዱ ሌላውን አይጠብቅም።

ደረጃ 3፦ በመጀመሪያው ቀን የሚላኩ ናሙናዎች

ሽንት ለላም። የምትታለበዋ ላም አይደለችም፤ የቲቢ ባክቴሪያ ግድግዳ ላይ ያለው ሊፖአራቢኖማናን የተባለ ንጥረ ነገር አጭር ስም ነው። 60 ማይክሮ ሊትር ሽንት በወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል፣ ውጤቱ በ25 ደቂቃ ይነበባል። ኤሌክትሪክ አይፈልግም። አክታ ማውጣት ለማይችል ደካማ ታካሚ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ሆስፒታል የተኛ ከሆነ የቲቢ ምልክት ካለው፣ በጽኑ ከታመመ ወይም የኤችአይቪ ሕመሙ ከጠናበት ይሠራለት። የተኛ ሰው ሲዲ4ው ከ200 በታች ከሆነ ምልክት ባይኖረውም ይሠራለታል። በተመላላሽ ለሚታከም ደግሞ ምልክት ካለ ወይም ሲዲ4 ከ100 በታች ከሆነ።

ይህ ምርመራ ነፍስ ያድናል ስንል እንዲያው ለማለት ያህል አይደለም። በደቡብ አፍሪካ፣ በታንዛኒያ፣ በዛምቢያና በዚምባብዌ ሆስፒታሎች የተካሄደና በ2016 የታተመ ጥናት አለ። በተለመደው ምርመራ ላይ ላም ሲጨመር በ8 ሳምንት ውስጥ የሚሞቱት ከ25 በመቶ ወደ 21 በመቶ ወርደዋል። ለአንድ የወረቀት ቁራጭ ቀላል አይደለም።

ሁለት ነገር ግን አትርሱ። ላም ኔጌቲቭ ማለት ቲቢ የለም ማለት አይደለም። ፖዘቲቭ ሲሆን ደግሞ ባክቴሪያው መድኃኒት የተላመደ ይሁን አይሁን አይነግረንም።

ስለዚህ አክታ ለጂን ኤክስፐርት ይላክ፤ የባክቴሪያውን ዘረመል ፈልጎ ሪፋምፒሲን የተባለውን የቲቢ መድኃኒት መላመዱንም የሚያሳይ ማሽን ነው። "አያስለውም እኮ" ትሉኝ ይሆናል። ይላክ። ከሆድ ቲቢ ጋር የሳንባ ቲቢ አብሮ መገኘቱ የተለመደ ነው፣ የደረት ራጁ ንጹሕ ቢሆንም እንኳ። አልትራ በሚባለው ካርትሪጅ ውጤቱ "ትሬስ" (እጅግ ጥቂት ባክቴሪያ) ብሎ ከመጣ፣ ኤችአይቪ ላለበት ሰው እንደ ፖዘቲቭ ይቆጠራል።

ከደም የሚያስፈልጉት ሲዲ4፣ ሙሉ የደም ቆጠራ፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ፣ አልቡሚን፣ ሄፓታይተስ ቢ ናቸው። ሲዲ4 ከ200 በታች ከሆነ ማጅራት ገትር የሚያመጣውን ክሪፕቶኮከስ የተባለ ፈንገስ የሚያሳይ የክሪፕቶኮከስ አንቲጅን ምርመራ ጨምሩበት። ይህን የመጨረሻውን ብዙዎች ይዘሉታል። ለምን መዘለል እንደሌለበት የኤችአይቪ መድኃኒት ስንጀምር ታያላችሁ።

ደረጃ 4፦ አልትራሳውንድ፣ ራሳችሁ

የራዲዮሎጂ ባለሙያ እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልግም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተቀመረ ፋሽ የሚባል አጭር ዘዴ አለ። ኤችአይቪ ባለበት ሰው ላይ ከሳንባ ውጭ ያለ ቲቢን በአልትራሳውንድ ለማሰስ የተሠራ ነው። በሥልጠናና በጥቂት ልምምድ እጅ ይለምደዋል። እኔ የተማርኩት ከአንድ ትዕግሥተኛ ነርስ አጠገብ ቆሜ ነው።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ከደረት አጥንት ጫፍ በታች ጀምሩና በልብ ዙሪያ ውሃ መኖሩን እዩ። ወደ ቀኝ ጎን ሂዱ፤ በጉበትና በኩላሊት መሃል፣ ከዚያም ከድያፍራም በላይ ውሃ አለ? ወደ ግራ ጎን ተሻግራችሁ በጣፊያ ዙሪያ ያንኑ ድገሙት። ወደ ታች ወርዳችሁ ከፊኛው ጀርባ ተመልከቱ። ትንሽ ውሃ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው እዚህ ነው።

ቀጥሎ የሆዱን መሃል አግድም እየቃኛችሁ ውረዱ። በትልቁ ደም ሥር ዙሪያ ክብ ክብ ጥቁር ነገር ካያችሁና ከ1.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ያበጠ ንፍፊት ነው። ጋዝ ካስቸገራችሁ መመርመሪያውን ቀስ እያላችሁ ተጫኑ፤ አንጀቱ ገለል ይላል። በባዶ ሆድ ቢመጣ ደግሞ በጣም ይቀላል።

በመጨረሻ ጣፊያ። ለላይኛው ቆዳና ለደም ሥር የምንጠቀምበትን መስመራዊ መመርመሪያ አንሡ። በተለመደው መመርመሪያ ደህና የመሰለ ጣፊያ፣ በዚህኛው ሲታይ በጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች የተዥጎረጎረ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዳቸው ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሱ ናቸው። እንዲህ ያለ ጣፊያ ከወረደ ሲዲ4 ጋር ሲገጥም ሕክምና ለመጀመር ከሚያደፋፍሩ ምልክቶች ግንባር ቀደሙ ነው። ሊምፎማም (የንፍፊት ካንሰር) እንዲህ ሊመስል እንደሚችል ግን ከአእምሯችሁ አታውጡት።

ደረጃ 5፦ ሆድ ውስጥ ውሃ ካለ መቅዳት

በሆዱ ውሃ የቋጠረ ሰው ውሃው ሳይቀዳና ሳይመረመር ፉሮሰማይድ (ውሃ በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት) ተሰጥቶት ሲሄድ ማየት ያበሳጨኛል። መቅዳት ከባድ ሥራ አይደለም።

ፊኛውን ባዶ ያድርግ። በጀርባው ተንጋሎ ትንሽ ወደ ግራ ያዘንብል። በግራ በኩል የዳሌ አጥንቱን የፊት ጫፍ በጣት ፈልጋችሁ፣ ከዚያ 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ምልክት አድርጉ። ውሃ መኖሩንና አንጀት አለመኖሩን በአልትራሳውንድ አረጋግጡ። ቆዳውን አጽዱ፣ አደንዝዙ፣ መርፌውን እየሳባችሁ አስገቡ። ጠባሳ ባለበት ቦታ አትውጉ፤ እዚያ አንጀት ተጣብቆ ሊሆን ይችላል።

የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ የተጣራ ጠጅ የመሰለ ቢጫ ነው። ለሴል ቆጠራ፣ ለፕሮቲንና አልቡሚን፣ ለጂን ኤክስፐርትና ለካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ ለማየት) በየጠርሙሱ ከፋፍሉት። ለጂን ኤክስፐርት አትሰስቱ። 20 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ልካችሁ ላብራቶሪው አሽከርክሮ ዝቃጩን ቢመረምር ይሻላል። ላብራቶሪው የነቀርሳ ሴል ማየት ከቻለ ለዚያም ጨምሩ። በዚያው ቀን የደም አልቡሚን መወሰዱን አረጋግጡ።

አሁን ሒሳቡ። ከደሙ አልቡሚን የውሃውን አልቡሚን ቀንሱ። ምሳሌ፦ የደሙ 2.4፣ የውሃው 1.8 ግራም በዴሲ ሊትር ከሆነ ልዩነቱ 0.6 ነው። ከ1.1 በታች ስለሆነ ውሃው የመጣው በጉበት ደም ሥር ግፊት አይደለም። ቲቢ ወይም ነቀርሳ ያሳስበናል። በዚያ ላይ ፕሮቲኑ ከ2.5 በላይ ከሆነና ከነጭ ሴሎች አብዛኞቹ ሊምፎሳይት ከሆኑ ሚዛኑ ወደ ቲቢ ያደላል። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ ሴሎች ከ250 በላይ ከሆኑ ግን የተለመደ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ይታከም። ኤዲኤ የተባለውን ኢንዛይም በውሃው ውስጥ የሚለካ ላብራቶሪ ካገኛችሁ፣ ከ39 ዩኒት በላይ መሆኑ ቲቢን በእጅጉ ይደግፋል።

ሒሳቡ የሚያሳስትበት ጊዜ አለ። በጣና ዙሪያ ያደገ፣ ቢልሃርዚያ ጉበቱን የጎዳው ሰው የሆድ ቲቢ ሊይዘው ይችላል። ያኔ ልዩነቱ ከ1.1 በላይ ይመጣል፤ ሊምፎሳይቱ ግን ይበዛል። ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ "ጉበት ነው" አትበሉ።

ጂን ኤክስፐርት ከሆድ ውሃ ኔጌቲቭ መምጣቱም ብዙ አያስደንቃችሁ። በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ባክቴሪያው ጥቂት ነው። ከእውነተኛ የሆድ ቲቢ ውስጥ ብዙው ያመልጠዋል። በማይክሮስኮፕ መፈለግ ደግሞ ጭራሽ የማይታመን ነው።

ደረጃ 6፦ ንፍፊትና አንጀት

አንገትን፣ ብብትንና ብሽሽትን በእጃችሁ ዳስሱ። ያበጠ ንፍፊት ካለ በመርፌ ናሙና ወስዳችሁ ለጂን ኤክስፐርትም ለፓቶሎጂም ላኩ። ከሆድ ውሃ በጣም የተሻለ ውጤት ይሰጣል፤ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

ኮሎኖስኮፒና ላፓሮስኮፒ ሪፈራል ሆስፒታል ይፈልጋሉ። ታካሚው ከቆመና ምርመራው ካልለየ ላኩት። ሲዲ4ው በጣም የወረደ ሰው ባዮፕሲ ላይ የተለመደው የቲቢ እብጠት በደንብ ላይፈጠር ይችላል። "ግራኑሎማ የለም" የሚል ወረቀት ይዞ ቢመለስ ቲቢ የለውም ማለት አይደለም። ናሙናው ለጂን ኤክስፐርትና ለካልቸርም እንዲላክ በሪፈር ወረቀቱ ላይ በግልጽ ጻፉ። ካልጻፋችሁ ሁሉም ፎርማሊን ውስጥ ይገባል፣ ፎርማሊን ደግሞ ባክቴሪያውን ይገድለዋል። ካልቸር አበቃ ማለት ነው።

የሚመስሉት በሽታዎች

ሊምፎማ ቀዳሚው ነው። ካፖሲ ሳርኮማ የተባለው ካንሰር አንጀት ውስጥም ይወጣል፤ የአፉን ላንቃና ቆዳውን እዩ። ከሑመራና ከመተማ የሰሊጥ እርሻ የተመለሰ፣ ጣፊያው እስከ እምብርቱ የወረደና ደም ያነሰው ሰው ካላዛር ይመርመር። የአርኬ39 ምርመራ ኤችአይቪ ባለበት ሰው ላይ ሊያመልጠው ስለሚችል ኔጌቲቭ መሆኑ ብቻ አያሳርፍም። በቀኝ ታችኛው ሆድ ያለ እብጠት ትርፍ አንጀት ወይም አሜባ ሊመስል ይችላል።

አንድ ወጥመድ ለብቻው ልጥቀስ። ሆዷ ውሃ የቋጠረ ሴት ሲኤ 125 የሚባል የደም ምርመራ ይሠራላትና ከፍ ብሎ ይገኛል። ወዲያው የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር ይባላል፣ ቤተሰቡ ለቅሶ ይቀመጣል። የሆድ ቲቢም ይህንኑ ቁጥር ከፍ ያደርገዋል። በሲኤ 125 ብቻ ማንንም ካንሰር አለብሽ አትበሉ።

ደረጃ 7፦ መወሰን

ከየትም ቦታ ይሁን፣ ላም ወይም ጂን ኤክስፐርት ፖዘቲቭ ከሆነ በዚያው ቀን ሕክምና ይጀመር። ከሆድ ካልመጣ ብላችሁ አትጠብቁ።

ሁሉም ኔጌቲቭ ሆኖ፣ ሰውየው በጽኑ ታሞ፣ አልትራሳውንዱ ላይ ትልልቅ ንፍፊት ወይም የጣፊያ ነጠብጣብ ካለስ? ጀምሩ። ያለማስረጃ መጀመር ስህተት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ሰውን ለሁለት ሳምንት ማስረጃ እያስጠበቁ መቅበር ግን የባሰ ነው። ለምን እንደጀመራችሁ በካርዱ ላይ ጻፉ፣ ካልቸር መላኩንም አረጋግጡ።

ታካሚው ግን እየተራመደ፣ እየበላ ከሆነና አልትራሳውንዱም ምንም ካላሳየ፣ ምርመራውን ለመጨረስ ጥቂት ቀን አላችሁ።

ደረጃ 8፦ የቲቢ መድኃኒት

ለሆድ ቲቢ ስድስት ወር ይበቃል። ለሁለት ወር ሪፋምፒሲን፣ አይሶኒያዚድ፣ ፒራዚናሚድና ኢታምቡቶል፤ ለቀጣዮቹ አራት ወራት ሪፋምፒሲንና አይሶኒያዚድ። ወደ ዘጠኝ ወር ማራዘም የተሻለ ውጤት እንደሚያመጣ አልታየም። አራት ወር የሚወሰደው አዲሱ ሕክምና ደግሞ ለሆድ ቲቢ አይደለም።

መጠኑ በክብደት ነው። በየቀኑ በኪሎ ሪፋምፒሲን 10፣ አይሶኒያዚድ 5፣ ፒራዚናሚድ 25፣ ኢታምቡቶል 15 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው። በአንድ ክኒን ተቀላቅለው ስለሚመጡ ስንት ክኒን እንደሚሰጥ ከክፍላችሁ ሰንጠረዥ አንብቡ። ውሃ የቋጠረ ሰው ሚዛኑ ያታልላል። ውሃው ሲደርቅ መጀመሪያ ይቀንሳል፣ ከዚያ ሥጋ ሲያወጣ ይጨምራል። በየወሩ መዝኑና መጠኑን አስተካክሉ።

ከዚህ ጋር ቫይታሚን ቢ6 በቀን 25 ሚሊ ግራም፣ ኮትሪሞክሳዞል በቀን 960 ሚሊ ግራም። በጣም ከከሳ ፕላምፒ ነት (ለከሳ ሰው የሚሰጥ አልሚ ምግብ)። ሽንቱ ብርቱካናማ እንደሚሆን አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ደም መስሎት መድኃኒቱን ያቆመ ሰው አይቻለሁ። ሴት ከሆነች ሪፋምፒሲን የወሊድ መከላከያ ክኒንንና በክንድ የሚቀበረውን እንደሚያዳክም ንገሯት። መርፌውና ኮንዶም ይሻላሉ።

ጂን ኤክስፐርት ሪፋምፒሲን የተላመደ ነው ካለ ይህ ሕክምና አይሆንም። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ወደሚታከምበት ማዕከል ላኩት።

ስቴሮይድ (እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት) ለሆድ ቲቢ እንዲሁ በልማድ አይሰጥም።

ደረጃ 9፦ የኤችአይቪ መድኃኒት፣ መቼና እንዴት

ኤአርቲ፣ ማለትም የኤችአይቪ መድኃኒት፣ ያልጀመረ ሰው የቲቢ መድኃኒት በጀመረ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጀምር። ሲዲ4 ምንም ይሁን። ነገር ግን መጀመሪያ ማጅራት ገትር እንደሌለው እርግጠኛ ሁኑ። የክሪፕቶኮከስ አንቲጅኑን አትዝለሉ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። የክሪፕቶኮከስ ማጅራት ገትር ካለ ኤአርቲ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይዘገያል፤ የቲቢ ማጅራት ገትር ካለ ከ4 እስከ 8 ሳምንት። ቸኩሎ መጀመር እዚህ ላይ ይገድላል።

ሪፋምፒሲን ዶልቴግራቪር የተባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት ከሰውነት ቶሎ ያስወጣዋል። ስለዚህ ጠዋት የተለመደው ጥምር ክኒን፣ 12 ሰዓት ቆይቶ ማታ ደግሞ ተጨማሪ 50 ሚሊ ግራም ዶልቴግራቪር። ሁለተኛ መስመር የኤችአይቪ ሕክምና ላይ ያለና አታዛናቪር የሚወስድ ከሆነ፣ አታዛናቪር ከሪፋምፒሲን ጋር አይሄድም። ልምድ ያለው ሐኪም አማክሩ፤ መውጫው ብዙ ጊዜ የኤችአይቪ መድኃኒቱን መቀየር ወይም በሪፋምፒሲን ቦታ ሪፋቡቲን መስጠት ነው።

አሁን ወደ "ጨጓራው" እንመለስ። ታካሚዎቻችን ከየመድኃኒት ቤቱ የገዙትን አንቲአሲድ በቦርሳቸው ይዘው ይዞራሉ። አንቲአሲድ ዶልቴግራቪርን አንጀት ውስጥ ይይዘዋል። ዶልቴግራቪር ከአንቲአሲዱ 2 ሰዓት በፊት ወይም 6 ሰዓት በኋላ መወሰድ አለበት። ምን እንደሚወስዱ ጠይቁ፤ ካልጠየቃችሁ አይነግሯችሁም።

ኤአርቲ ላይ ቆይቶ ቲቢ የያዘው ሰው ኤአርቲውን አያቁም። ቫይራል ሎድ (በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን) ይሠራለት፣ አወሳሰዱ ይጠየቅ።

ስለ ፀበልም እንነጋገር። ሆዱ ያበጠ ሰው ፀበል መሄዱ አይቀርም። አትቆጡት፤ ከተቆጣችሁት ወደ እናንተ አይመለስም። ፀበሉን ይጠጣ፣ ክኒኑንም ይዋጥ። አንድ ነገር ብቻ፦ ፀበል ብዙ ጠጥቶ የሚያስመልስ ከሆነ ካስመለሰ በኋላ መድኃኒቱን ይውሰድ፣ አለበለዚያ ክኒኑ አብሮ ይወጣል። በዐቢይ ጾምም በረመዳንም የመድኃኒቱ ሰዓት አይዛነፍም። የንስሐ አባቱን ወይም ሼኩን እንዲያማክር ብትነግሩት ከእናንተ ምክር ይልቅ የእነሱ ቃል ይሰማል።

ደረጃ 10፦ ሲሻለው የቆየው ሲብስበት

ኤአርቲ ከጀመረ ከሁለት ሳምንት በኋላ ትኩሳቱ ተመለሰ፣ ሆዱ ተነፋ፣ ንፍፊቱ አበጠ። ቤተሰቡ "መድኃኒቱ ገደለው" ይላል። ብዙውን ጊዜ አይሪስ ነው፤ የነቃው የሰውነት መከላከያ ባክቴሪያው ላይ ሲዘምት የሚፈጥረው ቁጣ። አብዛኛው ኤአርቲ በተጀመረ በሦስት ወር ውስጥ ይመጣል።

ከመደምደማችሁ በፊት ሦስት ነገር አጣሩ። መድኃኒቱን በትክክል ወስዷል? መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይሆን? ሌላ አዲስ በሽታ መጥቶ ይሆን? አይሪስ ከሆነ ሁለቱም ሕክምና ይቀጥላል። ከጠናበት ፕሬድኒሶሎን በኪሎ 1.5 ሚሊ ግራም ለሁለት ሳምንት፣ ከዚያ 0.75 ለሁለት ሳምንት። ካፖሲ ሳርኮማ ላለበት ስቴሮይድ አትስጡ፤ ያባብሰዋል።

ሲዲ4ው 100 ወይም በታች ለሆነና ኤአርቲ ለሚጀምር ሰው አስቀድሞ መከላከልም ይቻላል። በ2018 ከደቡብ አፍሪካ የወጣ ጥናት ፕሬድኒሶን 40 ሚሊ ግራም ለ14 ቀን፣ 20 ሚሊ ግራም ለሌላ 14 ቀን ሲሰጥ አይሪስ ከ47 ወደ 33 በመቶ ገደማ መውረዱን አሳይቷል። ሄፓታይተስ ቢ፣ ካፖሲ ወይም ሪፋምፒሲን የተላመደ ቲቢ ያለባቸው በጥናቱ አልተካተቱም፤ ለእነሱ አይሰጥ።

ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ በሰዉ አነጋገር የወፍ በሽታ ከያዘው፣ ኤኤልቲ የተባለው የጉበት ኢንዛይም ይለካ። ምልክት ኖሮ ከመደበኛው 3 እጥፍ፣ ምልክት ሳይኖር 5 እጥፍ ካለፈ የቲቢ መድኃኒቶቹን አቁሙ፤ ኮትሪሞክሳዞሉንም ማቆም አትርሱ። ቁጥሩ ሲወርድ አንድ በአንድ ይመለሳሉ። መጀመሪያ ሪፋምፒሲን፣ ከጥቂት ቀን በኋላ አይሶኒያዚድ። ጉዳቱ ከባድ ከነበረ ፒራዚናሚድ ባይመለስ ይሻላል፤ ያኔ ሕክምናው ይረዝማል።

ደረጃ 11፦ ስድስቱ ወራት

ትኩሳቱ በሳምንታት ውስጥ ይበርዳል፣ የምግብ ፍላጎቱ ይመለሳል፣ ውሃው ይቀንሳል። በሁለተኛው ወር መጨረሻ አልትራሳውንዱን ድገሙት። ንፍፊቱ ሙሉ በሙሉ ባይጠፋ አትደንግጡ። ምንም ለውጥ ከሌለ ግን "ይጠብቅ" አትበሉ። ባዮፕሲ ወደሚሠራበት ላኩት፤ ሊምፎማ ተደብቆ ሊሆን ይችላል።

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ወር፣ ሁሉም ነገር ደህና በሆነበት ሰዓት፣ ከበላ በኋላ የሚቆርጥ ሕመምና ማስመለስ ከጀመረው አንጀቱ ጠቦ ሊሆን ይችላል። ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ይሠራል፣ ጠባሳው ያንቃል። መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም። ቀዶ ሐኪም ይየው።

የቤተሰቡን አባላት አስመጡና ተመርመሩ በሏቸው። የሆድ ቲቢ በማዕድ አይተላለፍም፣ ነገር ግን ሳንባውም ላይ ካለ ቤቱ ውስጥ ያሉ ሕፃናት አደጋ ላይ ናቸው። ጥሬ ወተት የሚጠጡም ከሆነ አፍልተው ይጠጡ፤ የከብት ቲቢ በዚያ መንገድ አንጀት ይደርሳል። ይህችኛዋ የምትታለበዋ ላም ናት።

ስድስተኛው ወር ሲያልቅ የቲቢ መድኃኒቱ ይቆማል። የማታውን ዶልቴግራቪር ግን በዚያው ቀን አታስቁሙት። ሪፋምፒሲን ከሰውነት ቢወጣም ጉበት ላይ ያሳደረው ሥራ ቶሎ አይበርድም። ሁለት ሳምንት ይጨምርና ወደ ቀን አንድ ጊዜ ይመለስ። ቀኑን በኤአርቲ ካርዱ ላይ በቀይ ጻፉለት።